የቀይ ባሕር ዳርቻዋን ዓሣ ወደ አፋር ምንጮች ከመውሰድ በፊት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የወባ ትንኝ ዕጭን በዓሣ ስለማስበላት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አዲስ ግን አይደለም። የቀይ ባሕር ዳርቻዋ ትንሽ ዓሣ፣ አፋኒዮፕስ ዲስፓር፣ በአሰብ ከተማ ለዚሁ ሥራ ተሞክራ ዕጩን በእጅጉ እንደቀነሰች በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በበርሜልና በታንከር ውኃ የምትራባው የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ከተገኘች ወዲህ ጉዳዩ እንደገና መነሣቱ የሚጠበቅ ነው።

የማንስማማው ጽሑፉ ዓሣዋን ከቀይ ባሕር ዳርቻ አምጥቶ በአፋር ምንጮች ማርባት በሚለው ነው። እዚያው አፋር በሚገኘው አፍዴራ ሐይቅ ውስጥ፣ ሌላ የትም የማትገኝ የቅርብ ዘመዷ አለች፤ አበበ ጌታሁንና ኬኔት ላዛራ በ2001 እ.ኤ.አ. የገለጿት አፋኒዮፕስ ስቲያስኒያኤ። ሁለቱ ከተገናኙ ይዳቀላሉ ብለን እንሰጋለን። ይህን የምንለው ከመሬት ተነሥተን አይደለም፤ ዲስፓር በስዊዝ ቦይ አልፋ ሜዲትራኒያን ስትደርስ፣ በሲና ባርዳዊል ሐይቅ ከሌላ ዘመዷ ጋር ተዳቅላ ተገኝታለች። አንዴ የተደባለቀ ዘር ደግሞ ተመልሶ አይለይም።

የደናክል ረባዳ ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በቀይ ባሕር ተጥለቅልቆ ነበር፤ የኮራሉ ድንጋይ ዛሬም ይታያል። የአፍዴራዋ ዓሣ ያኔ ገብታ የቀረች ናት ወይስ ቀደም ብላ የተለየች? መልሱ ያለው ዲኤንኤዋ ውስጥ ነው። (ባሕሩ የገባበትን ዘመን የዲኤንኤው ለውጥ ፍጥነት መለኪያ አድርጎ ወስዶ፣ ኋላ ዲኤንኤውም ያንኑ ዘመን አሳየ ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።)

ስለዚህ ማንም ዓሣ ከማንቀሳቀሱ በፊት ናሙና ይወሰድ። ከየምንጩ ከ20 እስከ 30 ዓሣ ይበቃል፤ ሁሉንም ከአንድ ጥግ መያዝ ግን ወንድምና እህትን ደጋግሞ መቁጠር ይሆናል። ከጭራ ክንፏ ጫፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ ዓሣዋ ትለቀቃለች። ቁራጩ ለብቻው በብልቃጥ፣ 95 በመቶ ኤታኖል (አልኮል) ውስጥ ይገባል። ኤታኖሉ ከቁራጩ 10 እጥፍ ያህል ይሁን፤ በማግስቱም ይቀየር፣ ከሥጋው የሚወጣው ውኃ ያቀጥነዋልና። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል በአፍዴራ ሙቀት አያዛልቅም፤ ዲኤንኤው ይበጣጠሳል። ፎርማሊንማ ጭራሽ፤ እሱ ለቅርጽ ጥናት ነው የሚሆነው። መቀሱ ከዓሣ ወደ ዓሣ ሲታለፍ በእሳት ይለብለብ። መለያው በእርሳስ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል።

ምርመራው በማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ክፍል) ዲኤንኤ ብቻ እንዳይቀር። ከእናት ብቻ ስለሚወረስ፣ የቀይ ባሕሩ ወንድ ከአፍዴራዋ ሴት ጋር ቢዳቀል ልጆቻቸው ንጹሕ የአፍዴራ መስለው ያልፋሉ። ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው የኒውክለሱ (የሕዋሱ አስኳል) ዲኤንኤም አብሮ ይታይ።

ለድሬዳዋም ሆነ ለሌላ ከተማ ዓሣ ካስፈለገ እዚያው አካባቢ ካለው ውኃ ይፈለግ፤ ጋምቡዚያ የምትባለው የአሜሪካ ዓሣ በዚሁ ሰበብ በዓለም ተበትና አገር በቀል ትንንሽ ዓሦችን አፈናቅላለች። ዓሣ የሚገባበት ታንከር ሲሞላ ትርፉ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ምንጭ የማይፈስ መሆኑም አስቀድሞ ይረጋገጥ።

የዓሣ ሥነ ሕይወት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ