ደጁ ድረስ አድርሰን የምንመለሰው ጎማ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ላስ ቬጋስ በአማርኛ የሚጻፈውን ሳነብ ሁሌም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ወሬው ሁሉ ቁማር ነው። እገሌ ተበላ፣ የእገሌ ትዳር ፈረሰ። ውሸት ነው አልልም። ታክሲ ነጂ ነኝ፣ የማየውን አያለሁ። ግን እዚህ ከተማ ልጅ የምናሳድግም ብዙ ነን። ካውንቲው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር እንኳ አለን። ስለ ልጆቻችን ግን የሚጽፍ የለም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እሱ ነው።

የቬጋስን በጋ ያላየ ሰው ችግራችን ላይገባው ይችላል። ሐምሌ 7 ቀን 2024 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሙቀቱ 120 ፋረንሃይት ደርሶ ነበር። በሴልሺየስ ወደ 49 ነው። ከተማዋ በታሪኳ እንዲህ ሞቃ አታውቅም። በእንዲህ ያለ ቀን ልጅን ፓርክ መውሰድ አይታሰብም። የሸርተቴው ብረት ቆዳ ይልጣል። ትምህርት ቤት ደግሞ እስከ ነሐሴ ዝግ ነው። እናት ሆቴል ቤት ሺፍት ላይ፣ አባት መኪና ላይ። ልጆቹ መጋረጃ ዘግተው ስልክ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። እኔም ቤት እንዲሁ ነበር።

ሃይ ሮለር የሚባለው፣ ሰው አሳፍሮ ወደ ሰማይ ከፍ እያደረገ የሚያዞረው ትልቁ የመዝናኛ ጎማ ሥራ የጀመረው መጋቢት 31 ቀን 2014 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። ትልቋ ልጄ የተወለደችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቤተሰብ ደጁ ድረስ እንዳደረስኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ሕፃናቱ ከኋላ ወንበር ሆነው ሲያዩት ይጮኻሉ። እኔ ሻንጣ አውርጄ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ልጄ «አባዬ፣ አንተ ላዩ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «እሱ ለቱሪስት ነው» ብዬ ጨመርኩ። ይህን ቃል ከአፌ በማውጣቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘንድሮ ወሰድኳቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረስን። ጎማው 167 ሜትር ከፍታ አለው። ዱባይ ያሉ እህቶቻችን የሚያውቁት 250 ሜትሩ አይን ዱባይ በ2021 እስኪከፈት ድረስ ከዓለም አንደኛ ነበር። 28 ክፍሎች አሉት፣ አንዱ ክፍል እስከ 40 ሰው ይይዛል። ሰው ሲሳፈር አይቆምም፣ ቀስ እያለ እየዞረ ነው የሚገባበት። ትንሹ ልጄ እዚያ ላይ ትንሽ ፈራ። ከገባን በኋላ ግን ዙሪያው መስታወት ነው፣ ቀዝቃዛ አየር አለው፣ አይንገጫገጭም። አንድ ዙር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ልጆቹ በምዕራብ ያሉትን ተራሮች፣ ከዚያ ሰፈራችንን ፈለጉ። ልጄ ወደ ኤርፖርቱ ጠቆመችና «ተራ የምትጠብቀው እዚያ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ እጄን ያዘች። በሌላ ቀን ስለ ሥራዬ ብዙ አውርቼላታለሁ። ያን ያህል የገባት አይመስለኝም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አንዳንዱ ክፍል መጠጥ የሚቀዳበት ነው፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ አይፈቀድም። ትኬት ስትቆርጡ መደበኛውን በሉ።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ካዚኖውን ማለፍ ነው። ፍርሃቱ እውነት ነው። ሕጉ 21 ዓመት ያልሞላው ልጅ በቁማር ማሽኖቹ መሀል ማለፍ ይችላል፣ መቆም ግን አይችልም ይላል። አንድ ሆቴል ውስጥ ልጄ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ ብትል ጠባቂው ጮኸባት። አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ መንገድ መምረጥ ተምሬያለሁ። ወደ ጎማው የሚወስደው የሊንክ መንገድ ክፍት የእግረኛ ጎዳና ስለሆነ ካዚኖ ሳትረግጡ ትደርሳላችሁ።

ቤት ውስጥ የሚዋልባቸው ሌሎች ቦታዎችም አሉ። ሰርከስ ሰርከስ ሆቴል ጀርባ ያለው አድቬንቸርዶም ከ1993 ጀምሮ የሚሠራ የመጫወቻ ቦታ ነው። 5 ኤከር የሚሆነው ግቢ ሙሉውን በሮዝ መስታወት ተሸፍኗል። ማንዳላይ ቤይ ሆቴል ውስጥ ሻርክ ሪፍ የሚባል የዓሣ ማሳያ አለ። ትልቁ ገንዳ ወደ 5 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይይዛል፣ ሻርኩ በራስጌያችሁ ሲያልፍ ታዩታላችሁ። የቤላጂዮ ሆቴል የአበባ አዳራሽ በነፃ ነው፣ በዓመት 5 ጊዜ ይለወጣል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ዳውንታውን ያለው ዲስከቨሪ የልጆች ሙዚየም ነው። ካዚኖ የሚባል አጠገቡ አታልፉም። መሀሉ ላይ ልጆች የሚወጡበት ባለ 12 እርከን ማማ አለ። የእኔዎቹ እንሂድ ስላቸው አምፀው ነበር የቀሩት።

ዋጋው ቀላል አይደለም። አራት ሆኖ መውጣት ኪስ ይጎዳል፣ ፓርኪንጉም አለ። ነገር ግን ብዙ ቦታ የኔቫዳ መታወቂያ ላለው ሰው የነዋሪ ዋጋ አለው። መጠየቅ ነው። እኛ ሐበሾች ቅናሽ መጠየቅ እናፍራለን፣ እኔም አፍር ነበር።

እናንተን የምለምነው ይህን ነው። ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት፣ በግንቦት፣ ለወላጆች አንድ ገጽ አውጡ። የት ስንት እንደሆነ፣ የቱ በር ለልጅ እንደሚሻል ጻፉ። ማኅበራችንና አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዱም፣ ልጆቹን ሰብስበው በጋ ላይ አንድ ቀን ቢወስዷቸው ደግሞ በቡድን ዋጋው ይቀንሳል። መኪና ያለን ሰዎች እናደርሳለን። እኔ አንዱ ነኝ።

እናቴ ለእንቁጣጣሽ ከደሴ ትመጣለች። ከፍታ ትፈራለች ብዬ ለልጆቹ ነግሬያቸው ነበር። ደውለው ጠየቋት። «እናንተ እጄን ከያዛችሁኝ እወጣለሁ» አለቻቸው። በቀኝና በግራ ማን እንደሚይዛት ከአሁኑ ተከፋፍለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች አባት፣ ከላስ ቬጋስ