«ዓመቱን ሙሉ የተራራ እይታ» ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ ቤት

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሰሜን ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ በሸናንዶዋ ሸለቆ በእናንተ በኩል ስለገዛሁት ቤት ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልኝ።

በፌብሩዋሪ ወር በድርጅታችሁ በኩል ፔጅ ካውንቲ ውስጥ፣ ከሉሬይ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቤት ገዝቻለሁ። ማስታወቂያችሁ «ዓመቱን ሙሉ የተራራ እይታ፣ 4 መኝታ ቤት፣ ለጡረታ የሚሆን ጸጥ ያለ ቦታ» ይላል። ጸጥታው እውነት ነው። በሌላው ግን መነጋገር አለብን።

ከእይታው ልጀምር፤ ዋጋውን የሰቀለው እሱ ነውና። ቤቱ ማሳናተን ተራራ ሥር ሆኖ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብሉ ሪጅ ተራሮች ያዞረ ነው። የማስታወቂያው ፎቶ የተነሳው ከፊት በረንዳው ላይ ነው። ሸለቆው ወለል ብሎ ይታያል፤ ከበላዩ ሆክስቢል ተገትሯል። ሆክስቢል በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከፍተኛው ተራራ ነው፤ 1,235 ሜትር ገደማ። (እኔ ያደግኩባት ደብረ ታቦር ከተማዋ ራሷ ከዚያ እጥፍ በላይ ከፍታ ላይ ናት። ይሁን፣ ተራራ ተራራ ነው።)

ቤቱን ያየነው ዛፎቹ ራቁታቸውን በቆሙበት ወቅት ነው። በረንዳው ላይ ቆመን ወኪላችሁን «ሰመር ላይ ቅጠሉ አይጋርደውም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ አያስቡ! ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነው» አለኝ። ማታ በቴክስት ደገመልኝ። ቴክስቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ኤፕሪል ሲያልቅ ጫካው ለበሰ። አሁን በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ የማየው ቅጠል ብቻ ነው። የኦክ ዛፉ ቅርንጫፍ እጄን ብዘረጋ ይነካኛል። ሆክስቢልን ለማየት በግራ በኩል ጥግ ይዤ፣ አንገቴን አስግጌ፣ በሁለት ዛፎች መሃል ባለች የመዳፍ ስፋት ክፍተት ማሾለቅ አለብኝ። ንፋስ ሲመጣ እሷም ትዘጋለች። ቅጠሉ ረግፎ የሚያልቀው ኖቬምበር ላይ ነው። እንግዲህ የሸጣችሁልኝ የግማሽ ዓመት እይታ ነው፤ ያውም ብርዱ ውጭ የማያስቀምጥበትን ግማሽ።

ዛፎቹ የእኔ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በመጋዝ ያልቅ ነበር። ድንበሩ ግን ከበረንዳው ሥር ነው የሚያልፈው፤ ጫካው የጎረቤት ነው። በውል የተመዘገበ የእይታ መብት ከሌለ በቨርጂኒያ ጎረቤት ለእኔ ዓይን ሲል ዛፉን የመቁረጥ ግዴታ የለበትም። በዚህ ሙያ የዊንተር እይታና የዓመት እይታ ተለይተው እንደሚጻፉ፣ ዋጋቸውም አንድ እንዳልሆነ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ።

ወደ መኝታ ቤቶቹ ልለፍ። 4 ናቸው ብላችኋል። የካውንቲው ጤና መምሪያ ፋይል ውስጥ ያለው የሴፕቲክ (የቤቱን ፍሳሽ ግቢ ውስጥ የሚቀበለው ታንክና ማስረጊያ) ፈቃድ ግን ለ3 ነው። ይህ ተራ ወረቀት አይደለም። በቨርጂኒያ ሴፕቲክ የሚለካው በመኝታ ቤት ቁጥር ነው፤ ለአንዱ በቀን 150 ጋሎን ፍሳሽ ይታሰባል። 450 ጋሎን እንዲችል የተሠራ ሲስተም ላይ የ600 ጋሎን ቤት ጭናችሁ ሸጣችሁ ማለት ነው። ልጆቼ ከነቤተሰባቸው ለገና ቢመጡ ግቢዬ ውስጥ ምን እንደሚፈልቅ አላውቅም! ይባስ ብሎ ሲስተሙ የተለመደው ዓይነት አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየዓመቱ ሊያየው ግድ የሚል ነው። ይህንን የነገረኝ ታንኩን ሊመጥ የመጣው ሰውዬ ነው። ሻጩም የእናንተው ደንበኛ ነበር። ሁለታችንንም እንደምትወክሉ አስፈርማችሁኛል፤ በዚያ ቅር አላለኝም። ግን ፋይሉን ማየት ለማን ይቀላል?

የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው። «በረዶውን ካውንቲው ይጠርገዋል» ተብያለሁ። እዚያ አካባቢ የሕዝብ መንገድ የሚይዘው የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ካውንቲው አይደለም። የእኛ የጠጠር መንገድ ደግሞ የግል ስለሆነ ስቴቱም አይደርስበትም፤ ነዋሪው አዋጥቶ ያስጠርጋል፣ ጠጠር ያስደፋል። መዋጮው አይከብደኝም። የሚከብደኝ ከክሎዚንግ (ቤቱን ፈርሜ ከተረከብኩ) በኋላ መስማቴ ነው።

ስለ ጉድጓድ ውሃው ብዙ አልልም። ሸለቆው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በ1878 የተገኘው ታዋቂው የሉሬይ ዋሻም በዚሁ ድንጋይ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ የፈሰሰ ነገር በስንጥቁ ሾልኮ ቶሎ ጉድጓድ ይደርሳል። ውሃውን በራሴ ወጪ አስመርምሬ ማጣሪያ አስገብቻለሁ። ይህንን ከእናንተ አልጠይቅም።

ስልክ ስደውል ቢሮአችሁ «ቨርጂኒያ ውስጥ ገዢ ራሱ ነው ማጣራት ያለበት» ብሎኛል። ሕጉን አውቀዋለሁ። ሻጭ ስለ ቤቱ ሁኔታ ብዙ እንዲናገር አይገደድም። ወኪል ግን እያወቀ ሐሰት እንዲናገር ሕጉ አይፈቅድለትም። እኔ ደግሞ ዝም አላልኩም፤ ጠይቄ ነው የተዋሸሁት።

ስለዚህ ከእኔ ወገን የወሰዳችሁትን ኮሚሽን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ሴፕቲኩን ለ4 መኝታ ቤት ለማሳደግ መሬቱ ይፈቅድ እንደሆነ የሚያጠናውን ባለሙያ ክፍያም እናንተ ቻሉት። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ከነጽሑፉ ለሌሎች ቤቶች ማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ተለጥፏል፤ ዛሬውኑ አንሱት። የእኔን ቤት እያሳያችሁ ሌላ ሐበሻ ወደዚያ ሸለቆ እንድትወስዱ አልፈልግም።

መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ የሚባል ነገር ይብቃን። መልስ ካጣሁ ፋይሉን ይዤ ወደ ቨርጂኒያ ሪል እስቴት ቦርድ እሄዳለሁ። ቦርዱ ገንዘቤን እንደማያስመልስልኝ አውቃለሁ፤ የወኪላችሁን ፈቃድ ግን የሚያየው እሱ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ ማስታወቂያው፣ የወኪሉ ቴክስት፣ የሴፕቲክ ፈቃዱ ቅጂ፣ በፌብሩዋሪና በጁላይ ከበረንዳው የተነሱ ፎቶዎች