ለምሕረት፣ ስለዚያ ገንዘብና ስለ ቪታሚን ሲ

ውድ ምሕረትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። ስትደውዪ አላነሳሁም። እማዬ ያረፈች ጊዜ የላክሽልኝን መልእክት አንብቤ ዝም አልኩ። አንቺ ምንም አልበደልሽኝም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምክንያቱን ዛሬ እነግርሻለሁ።

ትናንት ከሥራ ወጥቼ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ታክሲ ስጠብቅ የእትዬ አልማዝን ልጅ አገኘሁት። እናቱ የአንጀት ካንሰር እንደተገኘባት ነገረኝ። በጣም አዘንኩ። እግዜር ይማርልን። ቀጥሎ ግን "ምሕረት ለቪታሚን ሲ ገንዘብ ልትልክልን ነው፤ ኬሞውን ትንሽ አቆይተን መጀመሪያ በግሉኮስ እንሰጣታለን" ሲለኝ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ታክሲውን ትቼ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ በእግሬ ሄድኩ። ጥቁር አንበሳ ጋ ስደርስ ቆምኩ። እማዬን ደግፌ ስንቴ የገባሁበት ግቢ ነው። ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ያኔ የላክሽልኝን 600 ዶላር ታስታውሺያለሽ። ለእማዬ የኬሞ መድኃኒት መግዣ ነበር የላክሽው። እኔ ግን አብዛኛውን ለቪታሚን ሲ አወጣሁት። ምሕረትዬ፣ ይህንን ነው ልነግርሽ ያቃተኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ከሁለተኛው ኬሞ በኋላ እማዬ በጣም ተዳከመች። ምግብ አልቀመስ አለች፣ ፀጉሯ አለቀ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ መራችኝ። እዚያ ያነጋገረን ሰው "ኬሞው እየገደላት ነው፤ ቪታሚን ሲ በደም ሥር እንስጣት፤ ይሄ ተፈጥሯዊ ነው፤ ጉዳት የለውም" አለን። ጉዳት የለውም የሚለው ቃል ነው የበላኝ። የኩላሊት ምርመራ አላዘዘም። ስኳር አለባት ወይ ብሎ አልጠየቀም። በካርዷ ላይ "ቪታሚን" ብሎ ጻፈ፣ መጠኑን እንኳ አላሰፈረም። እኛም ለካንሰር ሐኪሟ ሳንነግር ሁለት ዙር ኬሞ አስቀረን።

እውነቱን ለመናገር እማዬ ወደደችው። ጠርሙሱ ከብርሃን እንዲከለል በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኖ ይሰቀልላታል። እጇን ይዤ እቀመጣለሁ። የሆነ ነገር እየተደረገላት መሆኑ ብቻ ፊቷን ያበራው ነበር። ለዚህ ነው ለሰው ቤተሰብ "ሞኞች ናችሁ" ማለት የማልችለው።

ቪታሚን ሲው በተጀመረ በአራተኛው ቀን ማታ ግን ልናጣት ነበር። ወንድሜ እንደ ልማዱ ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ለካ። ከ400 በላይ አለ። የበላችው ትንሽ አጥሚት ብቻ ነው። ደንግጦ ኢንሱሊኑን በመርፌ ሳበ። ደግነቱ ጎረቤታችን ሲስተር ልትጠይቃት መጥታ ነበር። "ቆይ፣ ዛሬ ምን ተሰጣት?" አለች። ስንነግራት መርፌውን ከእጁ ተቀበለችው። ይዘናት ሮጥን። ከክንዷ ደም ተወስዶ ላብራቶሪ ሲታይ ስኳሯ 128 ነበር። ለካ በቤት ውስጥ ከምንጠቀምባቸው የስኳር መለኪያዎች ብዙዎቹ ቪታሚን ሲን ከስኳር አይለዩም። በደም ሥር በብዛት ከተሰጠ በኋላ ለሰዓታት የሐሰት ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ያን ኢንሱሊን ወግተናት ቢሆን ኖሮ ስኳሯ በእንቅልፏ ወርዶ ልትሞትብን ትችል ነበር። እትዬ አልማዝም ስኳር አለባት አይደል? ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህቺን አትርሺ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ ባዶ ወሬ እንዳልሆነም አወቅኩ። ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግ እና ስኮትላንዳዊው ሐኪም ኢዋን ካሜሮን በፈረንጆቹ 1976 ቪታሚን ሲ የወሰዱ የመጨረሻ ደረጃ ታማሚዎች ረዘም ያለ ዕድሜ ኖሩ ብለው ጻፉ። ግን ያወዳደሯቸው ቀድሞ ከታከሙ ሰዎች የድሮ መዝገብ ጋር ነበር። ማዮ ክሊኒክ የሚባለው የአሜሪካ ሆስፒታል በ1979 እና በ1985 ታማሚዎቹን በዕጣ ከፍሎ በቀን 10 ግራም በአፍ ሲሰጥ ጥቅም አላገኘም። ጉዳዩ በዚያው ሊዘጋ ሲል ሌሎች ተመራማሪዎች በአፍና በደም ሥር መስጠት አንድ እንዳልሆነ አሳዩ። የሚዋጠውን አንጀታችን የሚያሳልፈው በልክ ነው፤ የተረፈውንም ኩላሊት ያስወግደዋል። በደም ሥር ሲገባ ግን ደም ውስጥ ያለው መጠን በአፍ ከሚደረስበት ከ50 እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ 50 ግራም የሚሰጥበት አለ። ያ በግምት የ700 ብርቱካን ያህል ነው።

በዚህ መጠን ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል። ሴል መጠበቁን ትቶ፣ ቁስል የምናጥብበትን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን በሴሎች ዙሪያ እንዲፈጠር ያደርጋል። በላብራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሴሎችን ሲገድል ታይቷል። ሰው ግን ሳህን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ላይ የቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር የተሰራጨባቸው 34 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ከኬሞ ጋር 75 ግራም ቪታሚን ሲ በሳምንት ሦስት ቀን ከተጨመረላቸው ግማሾቹ 16 ወርና ከዚያ በላይ ሲኖሩ፣ ኬሞ ብቻ ካገኙት ግን ግማሾቹ 8 ወር ገደማና ከዚያ በላይ ኖሩ። ይህ ተስፋ ይሰጣል፣ ግን 34 ሰው ብቻ ነው። የእትዬ አልማዝን ዓይነት በተመለከተ ቻይና ውስጥ የአንጀት ካንሰር የተሰራጨባቸው 442 ሰዎች ተጠንተዋል። ኬሞው ላይ ቪታሚን ሲ መጨመሩ በጥቅሉ የበሽታውን መባባስ አላዘገየም። ልብ በይ፣ በሁለቱም ጥናቶች ኬሞው አልቀረም። ማንም ኬሞ አቁሙ አላለም። እኔ ነኝ ያቆምኩት።

እማዬ የሞተችው በዚህ ነው አልልም። በሽታው ጉበቷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እነዚያ ሁለት ዙሮች እንቅልፍ ይነሱኛል።

ስለዚህ ገንዘቡን አትላኪ አልልሽም። መጀመሪያ ለኬሞው ይሁን። ቀኑ አይገፋ። ቪታሚን ሲውን አሁንም ከፈለጋችሁት የካንሰር ሐኪሟ ይወቅ፤ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት ከሱ ጋር አይስማማም። ኩላሊቷ ይታይ፤ ቪታሚን ሲ ሰውነት ውስጥ ኦክሳሌት ወደሚባል ጠጠር ሊሠራ ወደሚችል ነገር ስለሚቀየር የደከመ ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም እንዳላነሳት በደም ምርመራ ይረጋገጥ። እሱ ከሌለ ቀይ የደም ሴሎቿ ሊፈራርሱ ይችላሉ። ይህን ሳይጠይቅ መርፌ የሚያነሳ ቤት ካጋጠማችሁ ውጡ። ጠበሏን ግን ማንም አይከልክላት፤ ኬሞዋን እየወሰደች ትጠመቅ።

ለልጁ ስልኬን ሰጥቼዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አላት፣ ከሥራ አስፈቅጄ እኔ አብሬያት እገባለሁ። የምጠይቀውን ደብተር ላይ ጽፌአለሁ። ከ600ው የተረፈው ገንዘብም አለ። አልነካሁትም። ፈቃድሽ ከሆነ ለእትዬ መድኃኒት ይሁን።

ብትቆጪኝ እቀበላለሁ። ንግድ ሥራ ኮሌጅ እያለን ስትናደጂ ሁለት ቀን ታኮርፊኝ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን ሠንጋ ተራ ሻይ ትጋብዢኛለሽ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ደውዪልኝ፤ አነሳለሁ።

የምትወድሽ፣
ሂሩት
አራት ኪሎ