ለእማዬ፤ ብሩኬ ቀስ ብሎ እንዲያነብልሽ

ማልሞ፣ ስዊድን፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሊያ ፈተና ላይ ናት። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው "ሰ" የምትለው ፊደል እምቢ ብላዋለች።

ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ የላክሁት በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው። ስንደዋወል አንቺ "ደህና ነኝ" ትያለሽ፣ እኔም "ደህና ነኝ" እላለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ብሩኬ፣ የምታነብላት አንተ ነህ። ቀስ በል። ይከብዳታል ብለህ የምትዘለው መስመር እንዳይኖር፣ አደራ።

መጀመሪያ የዓይንሽን ነገር እንጨርስ። ለእቴቴ "ያረጀ ዓይን ነው፣ ተዉኝ" እንዳልሻት ሰምቻለሁ። እማዬ፣ እርጅና አይደለም፣ ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ ይገፈፋል። ብዙ ሰው ተሠርቶ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ቀጠሮሽ የሰኔ ጾም ሳይገባ ነው፣ ስለዚህ ጾሙን ምክንያት እንዳታደርጊ። ጣርማ በርን ስትወጪ ብርዱ አይቻልም፤ በነጠላ ብቻ እንዳትሄጂ፣ የመንዙን ባና ደርቢ። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ገንዘቡን ልኬያለሁ። ለማኅበር ድግስ እንዳታውይው፣ አውቅሻለሁ።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልምጣ፤ ወደ ዩሮቪዥን፣ ወደ አውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር።

ቅዳሜ ሌሊት በእናንተ ስምንት ሰዓት ላይ የደወልንልሽ ሊያ ካልነገርኳት ብላ ስላለቀሰች ነው። ሊያ አጣድፋ ነው የነገረችሽ፤ እኔ ሙሉውን ልንገርሽ። አንቺ በስልክ ሰምተሽ ትልቁን፣ አሥራ ሁለቱን ነጥብ የሰጠሽው የኦስትሪያው ልጅ አሸነፈ። ስዊዘርላንድ፣ ባዜል ላይ፣ በ436 ነጥብ። ሊያ "እማማ መድረኩን ሳታይ አወቀች!" እያለች ሶፋው ላይ ዘለለች። ጎረቤት ግድግዳ መታ።

እኔ ግን አልገረመኝም። ሁላችንም መድረኩን፣ መብራቱን፣ ልብሱን እያየን እንታለላለን። አንቺ ብሩኬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ሲይዝልሽ ድምፁን ብቻ ነው የምትሰሚው። የኦፔራ ዘፋኝ ነው፤ ወንድ ሆኖ የሴት ያህል ቀጭን አድርጎ የሚያወጣ። "ይሄ ልጅ ጣርማ በር ጫፍ ቆሞ ታች ቆላ ያለ ሰው የሚጣራ ይመስላል" አልሽ። መድረኩ ላይ ምን እንደሠሩለት ታውቂያለሽ? ጥቁርና ነጭ ብቻ። በማዕበል የምትናጥ ጀልባ ላይ ብቻውን። አንቺ ግን ሰው ሲጣራ ሰምተሽው ነበር።

ስለ ቡና የዘፈነው የኤስቶኒያው ሦስተኛ ወጣ፣ 356። "ስለ ቡና የሚዘፍን ሰው ክፉ አይሆንም" ብለሽ አሥር የሰጠሽው። የኛዎቹ፣ ማለት የስዊድኖቹ፣ አራተኛ ሆኑ። ሦስቱም የፊንላንድ ልጆች ናቸው፤ የዘፈኑት ስለ እንፋሎት ቤት ነው። ሁሉም ያሸንፋሉ ብሎ ነበር። ሊያ እስከ ዛሬ አኩርፋለች።

"ነጥቡ ከስምንት ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ አሥራ ሁለት የሚዘለው ዘጠኝና አሥራ አንድ ምን አጥፍተው ነው?" ያልሽውን ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው። መልስ ያለው ሰው አልተገኘም።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። የስዊዘርላንዷ ልጅ። በገዛ አገሯ መድረክ የዘፈነችው። ከዳኞቹ 214 ነጥብ አግኝታ ሁለተኛ ሆና ተቀምጣለች። የሕዝቡ ድምፅ የሚነበበው ከዳኞች ዝቅተኛ ካገኘው ጀምሮ ስለሆነ የሷ ተራ መጨረሻው አካባቢ ነው። ጠበቀች፣ ጠበቀች። ከዚያ "ዜሮ" ተባለ። ካሜራው ፊቷ ላይ ነበር። እማዬ፣ ያቺን ልጅ ማቀፍ አማረኝ። እናቷ አዳራሹ ውስጥ ትሆን ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ሰው የሚያየው ቅዳሜን ብቻ ነው። እኔና ሊያ የምንወደው ግን ልምምዱን ነው። እያንዳንዱ አገር መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሰጠዋል። አዳራሹ ባዶ ነው። ወንበር ብቻ። ዘፋኙ ቆሞ ያንኑ ሦስት ደቂቃ ደጋግሞ ይዘፍናል። ከሦስት ደቂቃ የበለጠ ዘፈን አይፈቀድም፤ መድረክ ላይም ከስድስት ሰው በላይ አይወጣም። ጆሮው ውስጥ የተሰካው ነገር አልሰማ ሲለው እጁን ያነሳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። የሚለቀቅልን ቪዲዮ ቅንጫቢ ነው። እኛ ያችን ቅንጫቢ አሥር ጊዜ እናያታለን። ትናንት የተንቀጠቀጠችው ድምፅ ዛሬ ጸንታ ስንሰማ የራሳችን ሰው የዳነልን ያህል ደስ ይለናል።

አርብ ማታ ደግሞ ከፍጻሜው በፊት ሙሉ ልምምድ አለ። ዳኞቹ ነጥብ የሚሰጡት ያን ዕለት ነው፣ ቅዳሜ አይደለም። አብዛኛው ሰው ይሄን አያውቅም። ቅዳሜ ሲነበብ የምትሰሚው የዳኞች ነጥብ አርብ የተወሰነ ነው። ልምምድ የሚሉት ነገር የውጤቱ ግማሽ ነው ማለት ነው።

ያኔ በ2012 የኤደንን ነገር ታስታውሻለሽ? ኤደን አለነ፣ ቤተሰቧ ከኛ አገር ሄዶ እዚያ የተወለደችው፤ እስራኤልን ወክላ። አማርኛ ያለበት ዘፈን ነበር የያዘችው። ሊያ ገና ልጅ ነበረች፤ "እማ፣ አማርኛ!" እያለች ሮጣ መጣች። ከዚያ ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። በዓመቱ በሌላ ዘፈን ሮተርዳም ላይ ወጣች፤ 17ኛ ሆነች። ያ የአማርኛው ግን መድረኩን ሳያይ ቀረ። አንቺ በስልክ ሰምተሽው "እሰይ፣ እሰይ" ስትይ የነበረው ጆሮዬ ላይ አለ።

አምና ውድድሩ እዚሁ ማልሞ መጣ። የፋሲካ ሳምንት ነበር፣ ዶሮው ገና አላለቀም። ሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ በልደታ ዕለት ዋለ። ከተማው በፖሊስ ተሞልቷል። እናንተ ጋ ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር ዘፈኖቹን ልልክልሽ አልቻልኩም። ሊያ በተራ ስልክ ደውላ ራሷ እየዘፈነች አሰማችሽ። ለአርቡ ልምምድ ትኬት አገኘንና ገባን። የኔዘርላንዱ ዘፋኝ ግን የለም። አንዲት የዝግጅቱ ሠራተኛ ቅሬታ አቅርባበት ፖሊስ ጉዳዩን ይዞት ነበር። ቅዳሜ ከውድድሩ አስወጡት፤ ከወራት በኋላ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ዘጋው። ማን ልክ ነበር ብዬ አልፈርድም፣ አላውቅም። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ስንት ቀን ተለማምዶ ተራው ሲደርስ የሌለ ሰው። እንባዬ መጣ። ሊያ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "መብራቱ ነው" አልኳት።

መብራቱ አልነበረም እማዬ።

1980 ዓ.ም ነው። 13 ዓመቴ። የትምህርት ቤቶች የኪነት ውድድር ደብረ ብርሃን ሊደረግ፣ እኛ ሁለት ወር ሙሉ ተለማምደናል። የመጨረሻው ልምምድ ቀን ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተናል። አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ በሩ ላይ አየሁሽ። ከገበያ መመለስሽ ነው፣ ዘንቢሉ ክንድሽ ላይ፣ ነጠላሽ አፍሽ ላይ። ልትሰሚኝ የመጣሽ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ገብተሽ እጄን ያዝሽኝ። አንዲት ቃል ሳትናገሪ ጎተትሽኝ። ዘንቢሉ ዘመመና ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። መምህሩ እየለቀመ በኋላችን ሲጣራ ዞር አላልሽም። ያን ማታ ሽሮው ያለ ሽንኩርት ተሠራ።

ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ውጤቱን ሰማሁ። በኔ ቦታ ሌላ ልጅ ገብታ ሁለተኛ ወጥታለች። አንድ ደርዘን ደብተር ተሸለመች። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲያ ዘፍኜ አላውቅም። በገዛ ሠርጌ እንኳ። አንቺ ለአገሩ ሠርግ ሁሉ ዘፈን ስታወጪ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ሰሃን አጥብ ነበር። ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም። እኔም ለምን አስወጣሽኝ ብዬ አልጠየቅሁሽም። 37 ዓመት።

አባዬ እንዳዘዘሽ አድርጌ አስቤ አባዬን ስቀየመው ኖሬያለሁ። ነፍሱን ይማረው።

አሁን የጻፍኩበትን ልንገርሽ። ባለፈው ወር ሊያ "እማማ፣ አንቺም አንድ ዝፈኝልኝ" ብላሽ በስልክ ቀድታሻለች። አልነገረችሽ እንደሆነ አትቆጪያት። ሳህን እያደረቅሁ አጫወተችልኝ። "ይሄ ቃል የሌለው ምንድን ነው?" አለችኝ።

አወቅሁት። እንዝርትሽን እያሾርሽ የምታንጎራጉሪው ነው። ወንድም ጋሼ ለብሔራዊ ውትድርና በሄደ ሰሞን የጀመርሽው። ቃል አልነበረውም፣ እህህ ብቻ ነበር። እኔ ልጅ ነኝ፣ ዜማ ብቻ መሰለኝ። ችግኝ ሳጠጣ ሳንጎራጉረው መምህሩ ሰማኝና "ይሄን ለውድድር እናድርገው" አለኝ። ግጥም አበጀለት። ግጥሙ ስለ ዘመቻ ነበር። ልጆች ይዝመቱ የሚል።

አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ የሰማሽው እሱን ነው?

ብሩኬ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቁም። ውሃ ስጣት።

እማዬ፣ እንደዚያ ከሆነ እኔም በቦታሽ ብሆን እጇን ይዤ እጎትት ነበር። ግን አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? "ልጄ፣ ይሄ የኔ ኀዘን ነው" ብትይኝ ይገባኝ ነበር። 13 ዓመት ትንሽ አይደለም። እኔ አሳፍሬሻለሁ ብዬ ነው የኖርኩት። ተናደሽብኝ ነው ብዬ። ድምፄ አስቀያሚ ነው ብዬም አስቤ አውቃለሁ። አሁንም ስጽፈው ጉሮሮዬን ያንቀዋል።

ሌላም አለ። ለሕክምናሽ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። አልመጣም። ለእቴቴ ፈቃድ አጣሁ አልኳት። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ሞራው ያለበትን ዓይንሽን እያየሁ ይህን ልጠይቅሽ ፈራሁ። ፊቴን በእጅሽ ዳብሰሽ "ከሳሽ" ስትይኝ የማለቅስ መሰለኝ። ቲኬት ለመስከረም ቆርጫለሁ። ያኔ በዓይንሽ ታዪኛለሽ። መልሱን ደግሞ ከፈለግሽ ንገሪኝ፣ ካልፈለግሽ ያንኑ አንጎራጉሪልኝ።

ከተሠራሽ በኋላ ማጎንበስ የለም። ስግደት ለጊዜው ይቅር፤ አባን ጠይቂያቸው፣ ይፈቱሻል። እንጀራ አትጋግሪ፣ ጭሱ ይጎዳሻል። የግፊቱን ኪኒን ዛሬ ደህና ነኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ጠብታውን ሐኪሙ ባለሽ ሰዓት ብሩኬ ይጨምርልሽ፤ እጁን መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ።

የዛሬ ዓመት ውድድሩ ኦስትሪያ ነው። ሊያ "እማማ ዘንድሮ በጆሮ፣ ለከርሞ በዓይን" ብላ ሰፊ ስክሪን ያለው ስልክ ገዝታልሻለች። ከራሷ የበጋ ሥራ ገንዘብ ነው። ከደብዳቤው ጋር ደርሷችኋል። ብሩኬ፣ ቻርጀሩ ግራጫው ካልሲ ውስጥ ነው፤ ካልሲውም የሷ ነው፣ ሱፍ ነው፣ ለጣርማ በር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ።

ልጅሽ