ጉዳዩ፦ «ተረጋግጧል» ተብሎ ስለተዘጋው ቲኬታችን

ለቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

የዳይሬክተሪ ሰርቨራችን (የሠራተኞችን አካውንትና ዝርዝር የሚይዘው) ቲኬት፣ ማለትም የድጋፍ ጥያቄያችን፣ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ መዝገባችሁ ላይ ስላለ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቲኬቱን ስትዘጉ ያያዛችሁት ስክሪንሾት ነው።

ባለሙያችሁ «ኤልዳፕ ሁ አም አይ» (ldapwhoami) የሚለውን ኮማንድ ያስኬዱት በሰረዝ ኤክስ (-x፣ ተራው የመግቢያ ዘዴ) እና በሰርቨሩ አድራሻ ብቻ ነው። ከሥሩ የወጣው መልስ አንድ ቃል ነው፦ «አኖኒመስ»፣ ማለትም ስም የለሽ። ቃሉ በቀይ ተከቦ ከጎኑ «የአካውንቱ ማንነት ተረጋግጧል» ተብሎ ተጽፎበታል። ኮማንዱ ሰርቨሩን «ማን ብለህ ነው የያዝከኝ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም «አላውቅህም» ብሎ መልሷል። ሰረዝ ትልቁ ዲ (-D) ከነሙሉ ዲኤኑ፣ ማለትም ከአካውንቱ ሙሉ መለያ ስም ጋር፣ ስላልገባ የተፈተሸ አካውንት የለም። የተረጋገጠው 389 ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ በር) መልስ እንደሚሰጥ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አልጠየቀም።

ስደውል ባለሙያው «ኤረር አልሰጠም እኮ! ኤረር ካልሰጠ ገብቷል ማለት ነው» አሉኝ። አኖኒመስም ቢሆን ኮማንዱ ያለ ኤረር፣ 0 (ተሳክቷል የሚለውን ኮድ) መልሶ እንደሚጨርስ በትሕትና ለማስረዳት ሞከርኩ። «እንግዲያው ፓስወርዳችሁን እዩ፤ እኛ ጋ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት። እኚሁ ሰው ረቡዕ ዕለት «ነገ እስከ 8 ሰዓት በራሳችሁ አካውንት ገብቼ ውጤቱን እልካለሁ» ብለውን ነበር። በራሳችን አካውንት!

እሺ፣ ፓስወርዱን አየን። በትልቁ ዲ ዲኤኑን ሰጥተን፣ ሁለቱን ዜድ (-ZZ፣ ግንኙነቱ ካልተመሰጠረ አልቀጥልም የሚለውን) ጨምረን፣ በትልቁ ደብልዩ ፓስወርዱን በእጅ ስንጽፍ ሰርቨሩ «ዲኤን» ብሎ ጀምሮ የአካውንቱን ሙሉ ስም መለሰ። ያንኑ ኮማንድ በሰረዝ ዋይ፣ እናንተ ባስቀመጣችሁት የፓስወርድ ፋይል ስናስኬደው የስሕተት ኮድ 49 መጣ፤ የመግቢያ መረጃው ትክክል አይደለም ማለት ነው። ፓስወርዱ 16 ፊደል ነው፤ ፋይሉ ግን 17 ባይት ነው። አስራ ሰባተኛው ባይት መጨረሻ ላይ የቀረ አዲስ መስመር ነው። ሰረዝ ዋይ ፋይሉን እንዳለ ስለሚወስድ እሱንም የፓስወርዱ አካል ያደርገዋል። ፋይሉን በ«ኤኮ» ኮማንድ፣ አዲስ መስመር አትጨምር የሚለውን ሰረዝ ኤን ሳያስገባ የጻፈ ሰው እንዲህ ይሆንበታል፤ አዲስ መስመር በራሱ በማይጨምረው «ፕሪንት ኤፍ» ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ባሰ እንጂ አላበቃም። የሠራተኛ ዝርዝሩን በየማለዳው የሚያወጣልን ስክሪፕታችሁ 49ን ችላ ብሎ ወደ ፍለጋው ይቀጥላል። ባይንድ (በአካውንት መግባቱ) ሲከሽፍ ግንኙነቱ አኖኒመስ ሆኖ ስለሚቀር፣ ሰርቨሩም ለአኖኒመስ የሠራተኛ ዝርዝር ስለማያሳይ፣ በየማለዳው ባዶ ዝርዝር ይደርሰናል። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ዳታችሁን አጥሩ» ስትሉን የነበረው በዚህ ነው።

ካነሳሁት አይቀር፦ ባለፈው ወር የላካችሁልን መመሪያ ፓስወርዱን በትንሹ ደብልዩ ኮማንዱ ላይ ጽፎ በኢሜይል የመጣ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ፓስወርድ በተርሚናሉ ታሪክ ውስጥ ይቀራል፤ ኮማንዱ ሲነሳም ሌላው የማሽኑ ተጠቃሚ እየሄዱ ያሉ ኮማንዶችን በሚያሳየው «ፒኤስ» ለአፍታም ቢሆን ሊያየው ይችላል። ሰርተፍኬቱ አልታመን ሲልም የሰርተፍኬት ማጣሪያውን «ኔቨር» (ፈጽሞ አታጣራ) አድርጉት አላችሁ፤ መሐል ገብቶ ሰርቨሩ ነኝ ለሚል ሁሉ ፓስወርዳችንን እንድናስረክብ መሆኑ ነው። ፎርም ለመፈረም ብቻ ከስታዲየም ፒያሳ ሁለት ጊዜ አመላልሳችሁናል፤ በሁለተኛው ቀን ማኅተም ያዥዋ ምሳ ወጥተው ነበር።

ስለዚህ ቲኬቱ ዛሬውኑ ይከፈት። የፓስወርዱ ፋይል ይስተካከል፤ ፓስወርዱም በኢሜይል ስለተላከ ይቀየር። ስክሪፕቱ ባይንድ ሲከሽፍ እዚያው ይቁም። ማረጋገጫው በአዲሱ ፋይልና በሁለት ዜድ የተሠራ ይሁን፤ አንዱ ዜድ ምስጠራው ባይሳካም ስለሚቀጥል አንቀበለውም። መልሱ «አኖኒመስ» የሚል ከሆነ ስክሪንሾቱን ባትልኩት ይሻላል። ስልኩን የዘጉብን ባለሙያም መልሰው እንዲደውሉ እንጠይቃለን።

እስከ ሰኞ 10 ሰዓት ካልተፈጸመ የዚህ ወር ክፍያ አይለቀቅም፤ ውሉም በመጪው ወር አይታደስም።

ከሰላምታ ጋር
የሲስተም አስተዳደር ክፍል

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ ክፍል