ወደ ስፓም የገቡ የትምህርት ቤቱን ኢሜይሎች ስለመመለስ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች

የትምህርት ቤቱ የኢሜይል ሰርቨር (ኢሜይሎቻችንን የሚልከው ኮምፒውተር) በአዲስ ከተተካ ወዲህ የላክናቸው የውጤት ካርዶችና የስብሰባ ጥሪዎች ለብዙዎቻችሁ ስፓም (አጠራጣሪ ወይም ያልተፈለጉ መልእክቶች የሚቀመጡበት ሳጥን) ውስጥ እየገቡ መሆኑን አረጋግጠናል። መልእክቶቹ አልጠፉም። ይሁንና ጂሜይል ስፓም ውስጥ ያለን መልእክት ከ30 ቀን በኋላ ራሱ ስለሚሰርዘው፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ እንድትፈልጓቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።

ችግሩ የመጣው ከእኛ በኩል ነው። ማንኛውም ተቋም በስሙ ኢሜይል እንዲልኩ የፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ኤስፒኤፍ በሚባል መዝገብ ያስታውቃል። በእኛ መዝገብ ላይ የነበረው አሮጌው ሰርቨር ብቻ ስለሆነ፣ አዲሱ በስማችን የሚያጭበረብር መሰለ። ዲኪም ለሚባለው ዲጂታል ፊርማ የሚያስፈልገው ቁልፍም አልተመዘገበም ነበር። ጂሜይል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በእነዚህ ላይ ጠበቅ ብሏል። አሁን ሁለቱም ተስተካክለዋል፤ ለውጡ በየቦታው እስኪታወቅ ግን እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

መዝገቡ ቢስተካከልም ስፓም ውስጥ ያሉት በራሳቸው አይመለሱም። በስልካችሁ ጂሜይልን ከፍታችሁ በግራ በኩል ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ንኩና ወደ ታች ወርዳችሁ «ስፓም» የሚለውን ምረጡ። በተለመደው መፈለጊያ አትፈልጉ፤ ስፓም ውስጥ ያለውን አያሳይም። መልእክታችንን ስታገኙ ከፍታችሁ «ሪፖርት ኖት ስፓም» የሚለውን ተጫኑ። አንብቦ መተው አይበቃም፤ ማጣሪያው የሚማረው ይህ ሲጫን ነው። ከዚያ አድራሻችንን ከስልካችሁ ኮንታክት ጋር መዝግቡ።

ኮምፒውተር ያላችሁ ከዚህ የጠነከረ መፍትሔ አላችሁ። መልእክቱን ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ተጫኑ፣ «ፊልተር ሜሴጅስ ላይክ ዚዝ» የሚለውን ምረጡ፣ «ክሪኤት ፊልተር» በሉ፤ በሚመጣው ዝርዝር «ኔቨር ሴንድ ኢት ቱ ስፓም» ላይ ምልክት አድርጉና «ክሪኤት ፊልተር» የሚለውን እንደገና ተጫኑ። ይህን ፊልተር (ማጣሪያ) በስልክ አፕሊኬሽኑ ማዘጋጀት አይቻልም፤ አንዴ በኮምፒውተር ከተዘጋጀ ግን ለስልኩም ያገለግላል።

አደራ፣ ስፓም ውስጥ ያለውን ሁሉ አትመኑ። ከስማችን ይልቅ ሙሉውን የኢሜይል አድራሻ ፊደል በፊደል ከመገናኛ ደብተሩ ሽፋን ጋር አስተያዩ። የክፍያ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል ኢሜይል ከደረሳችሁ ከእኛ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ለውጥ የምናሳውቀው ማኅተም ባለበት ወረቀት ብቻ ነው።

በእኛ በኩል ለመላው ወላጅ በአንድ ጊዜ መላኩን ትተን በየክፍሉ ከፋፍለን እንልካለን፤ የውጤት ካርዱም በዚፕ ፋይል ሳይሆን በፒዲኤፍ ይመጣል። መልእክታችን ከበዛባችሁ ለክፍል ኃላፊው ንገሩ እንጂ «ስፓም» ብላችሁ አትጫኑ፤ ከ1000 መልእክት 3ቱ እንኳ እንዲህ ከተባሉ ለሌሎች ወላጆች የምንልከውም ስፓም ውስጥ ሊገባ ወይም ሊታገድ ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካርዱን ካላገኛችሁ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ጻፉልን፤ በማግስቱ ታትሞ በልጃችሁ እጅ ይላክላችኋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር