ነዳጅ ቆጣቢ በሚባለው ጠርሙስ ላይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ነዳጅ በተወደደ ቁጥር በጅማ የመለዋወጫ ሱቆች መደርደሪያ ላይ አንድ ዕቃ ይበዛል፤ ታንክ ውስጥ ሲጨመር ፍጆታ ይቀንሳል የሚባል ትንሽ ጠርሙስ። አንዱ 15 በመቶ ይላል፣ ሌላው 30 በመቶ። የባጃጅ ሹፌሩም፣ ባለ ቪትዙም፣ ከአጋሮ ቡና የሚያመላልሰው የኤንፒአር ጭነት መኪና ባለቤትም ከዕለት ገቢያቸው ቀንሰው ይገዙታል። ይህ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቦታው የሚወጣ ስለሆነ ነገሩን በቁጥር ማስረዳት አስፈልጎኛል።

በአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 32 ሜጋጁል ገደማ ጉልበት አለ፤ በናፍጣ ውስጥ 36 ገደማ። በ50 ሊትር ላይ የሚጨመር 300 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ነው። ፈሳሹ ራሱ ጥሩ ነዳጅ ቢሆን እንኳ ከዚያ ብዙም የሚያልፍ ጉልበት አይጨምርም። ሻጮቹ ታዲያ «ነዳጁ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ያደርጋል» ይላሉ። ጤነኛ ሞተር ግን ከገባለት ነዳጅ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነውን ድሮም ያቃጥለዋል። ሳይቃጠል የሚወጣው ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 15 ወይም 30 በመቶ ከየት ይመጣል? ትልቁ ብክነት ያለው ነዳጁ ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ አብዛኛው ጉልበት በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ ከቀረውም ከፊሉ በሰበቃ ያልቃል። ታንክ ውስጥ የፈሰሰ ጠብታ ይህንን ኪሳራ የሚነካበት መንገድ የለም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ፍጆታን ጉልህ በሆነ መጠን የቀነሰ አላገኘም። አንዳንድ ጠርሙስ ላይ «በኤጀንሲው የተመዘገበ» የሚል ይጻፋል። ምዝገባው አምራቹ በውስጡ ያለውን ኬሚካል ማሳወቁን እንጂ ዕቃው መሥራቱን አያረጋግጥም፤ ገዢዎች በዚህ ጽሑፍ እንዳይታለሉ አደራ እላለሁ።

ኦክቴን ይጨምራል የሚባለው ደግሞ ለእኛ አገር መኪና ይበልጥ የማያስፈልግ ነው። ኦክቴን ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ እንጂ ጉልበቱ አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ሞተር የማንኳኳት፣ ማለትም ነዳጁ ያለ ጊዜው የመፈንዳት፣ ዕድሉም ያንሳል። የማያንኳኳ ሞተር ላይ ኦክቴን መጨመር ኪሎ ሜትር አያመጣም። ጠርሙሱ ላይ «5 ፖይንት» ሲል ደግሞ 91 የነበረው 96 ይሆናል ማለት አይደለም፤ አንድ ፖይንት 0.1 ኦክቴን ነውና 91.5 ነው የሚሆነው። ከእነዚህ ኦክቴን ጨማሪዎች መካከል የብረት ወይም የማንጋኒዝ ውህድ ያለባቸው አሉ። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ክፍል) ሲፈታ ነጩ ሸክላ ላይ ቀላ ያለ፣ የሸክላ አፈር የመሰለ ሽፋን ከታየ ምልክቱ ያ ነው። ሽፋኑ ሲወፍር ኤሌክትሪክ በላዩ ሾልኮ ይሄዳል፣ ካንዴላው መተኮስ ይዘላል፣ ፍጆታውም ይጨምራል።

ከጠርሙሶቹ ሁሉ እውነተኛ ሥራ ያለው አንድ ዓይነት ነው፤ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው የኢንጀክተር ማጽጃ። እሱም ቢሆን ፖሊኢተር አሚን የሚባለው ኬሚካል በበቂ መጠን ያለበት መሆን አለበት። ይህ ኬሚካል በኢንጀክተር አፍና በቫልቭ ጀርባ ላይ የተጋገረውን ጥላሸት ያላቅቃል። የሚመልሰው ግን በቆሻሻው ምክንያት የጠፋውን ብቻ ነው፤ ኢንጀክተሩ ንጹሕ ከሆነ የሚመለስ ነገር የለም። አጠቃቀሙም እንዲህ ነው፦ የጠርሙሱን ሙሉ መጠን መለያው ላይ በተጻፈው የሊትር ልክ ባዶ በተቃረበ ታንክ ውስጥ መጨመር፣ ወዲያው መሙላት፣ ከዚያ በአንድ ጉዞ ሳይቆራረጥ መንዳት። ከጅማ አሰንዳቦ ደርሶ መልስ በከተማ ውስጥ ቆም ሂድ እያሉ ከመንዳት ይሻላል። ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) በኩል አልፎ ወደ ዘይቱ ስለሚገባ ዘይት መቀየሪያው ሲቃረብ ቢጠቀሙበት ይመረጣል። ከ5,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር አንዴ ከበቂ በላይ ነው። ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ነዳጁ የአየር ማስገቢያ ቫልቩን ስለማይነካው የቫልቩን ጥላሸት በታንክ በኩል ማጽዳት አይቻልም። እሱ ተፈትቶ ነው የሚጸዳው።

በነዳጅ መስመር ላይ የሚታሰር ማግኔት ምንም አያደርግም። አሴቶን ጨምሩ የሚለው ምክር ደግሞ የጎማ ቱቦዎችንና ጎሚኒዎችን ያበላሻል፤ የሚያስከትለው የነዳጅ ፍሳሽ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ማንም እንዳይሞክረው።

ናፍጣ ላይ «ውኃ ያጠፋል» ተብሎ የሚጨመረው አልኮል ነክ ፈሳሽ የበለጠ ያሳስበኛል። ውኃውን ከናፍጣው ጋር አዋህዶ ወደ ኖዝሉ (የናፍጣ መርጫው) ይልከዋል፤ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ፓምፕና ኖዝል ደግሞ ውኃ አይችልም። በጅማ ክረምት፣ በተለይ በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ለሚጠቀም ሰው፣ ትክክለኛው መፍትሔ በፊልትሮው ታች ያለውን ማፍሰሻ ብሎን ፈታ አድርጎ ውኃው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ማፍሰስ ነው። ወጪ የለውም፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚንም የትኛውም ጠርሙስ አያድነውም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት መሆኑን ለማወቅ ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጎ ጥላ ቦታ ማቆየት ነው። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ክብ ይተዋል። ውኃ ከሆነ ደግሞ በሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ሲቀመጥ ከታች ተለይቶ ይታያል።

ታዲያ ነዳጁን ማን ነው የሚበላው? መጀመሪያ የሚታየው ቴርሞስታት ነው። መኪና ሲሞቅ «ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል» የሚባል ልማድ አለ። ቴርሞስታት ሞተሩ 80 ዲግሪን ተሻግሮ እስኪሞቅ ውኃውን አግዶ የሚይዝ ክፍል ነው። ሲወጣ ሞተሩ በጅማ ጠዋት ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ማብዛቱን ይቀጥላል፣ ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ይቀራል። የሙቀት ጌጁ መንገድ ላይ ከመሃል በታች ወርዶ የሚቆይ መኪና ካለ ባለቤቱ ቴርሞስታቱ ቦታው ላይ መኖሩን ያስፈትሽ። የሙቀቱ መንስኤ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የማይሠራ ፋን ከሆነ መጠገን ያለበት እሱ ነው።

ሁለተኛው የኦክስጅን ሴንሰር፣ ማለትም በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለክቶ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ክፍል ነው። ሲበላሽ ፍጆታን እስከ 40 በመቶ ሊያባብስ ይችላል፤ የቼክ መብራቱን በፕላስተር ሸፍኖ ነዳጅ ቆጣቢ መግዛት ኪሳራን በኪሳራ ላይ መደረብ ነው። የጎማ ንፋስ በየአንዱ ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ጉድለት 0.2 በመቶ ገደማ ያስከፍላል። 32 መሆን ሲገባው 22 ላይ የሚሄድ መኪና 2 በመቶ አጥቷል ማለት ነው፣ ጎማውም አለጊዜው ያልቃል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ቁጥር ልክ ጎሚስታ ዘንድ ማስለካት ይበቃል። ጣሪያ ላይ ያለ ባዶ ፖርቶ መጋላም (ዕቃ መጫኛ) በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አየር እየያዘ ነዳጅ ይበላል፤ ዕቃ ከሌለ ይፈታ።

ካርቡሬተር ላለው ባጃጅ የአየር ፊልትሮው ንጽሕና ከ2 እስከ 6 በመቶ ልዩነት አለው። ለባሕር ጠረፍ የተመጠነ ጂግለር (በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) በጅማ ከፍታ ላይ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ላይ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለ ምልክቱ ይህ ሊሆን ይችላል። የሚኒሞ ብሎን ማዞር ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ ያለውን ብቻ ነው የሚያስተካክለው።

ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ነዳጅ ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ (ማርሽ አውጥቶ) መልቀቅ ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው። ኢንጀክተር ያለው መኪና በማርሽ ሆኖ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነስቶ ሲወርድ ኢንጀክተሩን ይዘጋል። ፎሌ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል፣ ፍሬኑም ብቻውን ይቀርና ይግላል።

ለመሞከር የሚፈልግ ሰው በአግባቡ ይሞክር። በአንድ ማደያ፣ በአንድ ማሽን፣ የማሽኑ ሽጉጥ (መቅጃው) ራሱ ዘግቶ እስኪቆም ይሙላ፤ ኪሎ ሜትሩን ይጻፍ፤ ነድቶ ተመልሶ እዚያው ይሙላ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ስለምንከፍል የከፈልነው ብርና ቀኑ ስልካችን ላይ አለ። 380 ኪሎ ሜትር በ30.4 ሊትር ከሄደ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ነው። አዲስ አበባ ከጅማ ከፍ ስለምትል የመሄጃውና የመመለሻው ፍጆታ አይመሳሰልም፤ ደርሶ መልስ ካልሆነ አይቆጠርም። በ10 ሊትር መሞከርም ዋጋ የለውም፤ ሲሞላ የአንድ ሊትር ስህተት ብቻ 10 በመቶ ነው። ያለ ጠርሙሱ፣ በጠርሙሱ፣ እንደገና ያለ ጠርሙሱ እያፈራረቁ በተመሳሳይ ጭነት መለካት ያስፈልጋል፤ ጠርሙስ የገዛ ሰው ሳያውቀው ቀስ ብሎ ይነዳልና ሹፌሩ የቱ እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። ሒሳቡም ይታሰብ፦ ጠርሙሱ የ5 ሊትር ቤንዚን ዋጋ አውጥቶ ለ40 ሊትር የሚበቃ ከሆነ፣ በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት 12.5 በመቶ ሲጨምር ገና የወጣበትን መለሰ እንጂ ትርፍ የለውም።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመቶኛ የተጻፈ የነዳጅ ቆጣቢ ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ፣ ቁጥሩ በስንት መኪና፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ ነዳጁ ተለክቶ ነው ወይስ ጌጅ ታይቶ የተገኘ እንደሆነ ሻጩን ጠይቃችሁ መልሱን ከማስታወቂያው ጎን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
የመኪና ጥገና ባለሙያ፣ ከጅማ